ባርኔጣ የበላው ታኪን

በቲምፉ ከተማ ታክሲ የነዳች የመጀመሪያዋ ሴት እኔ ነኝ። እሺ፣ ከእኔ በፊት ሁለት ነበሩ፤ እነሱ ግን ዝም ብለው ነው የሚነዱት። የእኔ ታክሲ ውስጥ የገባ ሰው ከነታሪኩ ነው የሚወርደው። ታሪኩ ሳያልቅ ቤቱ ከደረሰ ደግሞ ከተማዋን አንድ ዙር በነጻ አዞረዋለሁ። ከታሪኮቼ ሁሉ የሚበልጠው በስምንት ዓመቴ፣ በአንድ ባርኔጣና በአንድ አውሬ ብቻ፣ ሴት አያቴን ከገዳም ያስቀረሁበት ነው። ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ ስተርከው ኖሬያለሁ። ባለፈው ጥቅምት አንድ ሽማግሌ ከኋላ ወንበር ላይ ሆነው እስከ መጨረሻው ሰሙኝና አበላሹብኝ። አሁን የምነግራችሁ ከነብልሽቱ ነው።

አጋይ ቸንቾ፣ የእናቴ አባት፣ ትልቅ ሰው ነበር። ትልቅ ስል አፍንጫውን ነው። ከግንባሩ ተነስቶ የላይኛው ከንፈሩ ላይ የሚንጠለጠል፣ ዝናብ ሲመጣ አገጩን የሚያስጠልል አፍንጫ ነበረው። በቀኝ በኩል መንጋጋ ስላልነበረው ያንን ጥርስ የሚያቀላ ቅጠልና ፍሬ በኖራ ለውሶ ቀኑን ሙሉ በግራው ብቻ ያኝካል። የሱፍ ባርኔጣው አርባ ዓመት ከራሱ አልወረደም፤ ሲተኛ እንኳ ፊቱ ላይ ይደፋዋል። በበረዶው ወር አንድ ቅዳሜ ከቀስት ውድድር ተመለሰ፣ ቃሪያ በአይቡን በላ፣ «ዛሬ ድባቅ መታናቸው» ብሎ ተኛ፤ አልተነሳም። ለነገሩ ተሸንፈው ነበር። እኛ ቤት ውሸት አይነገርም፤ እውነቱ ትንሽ ይለጠጣል እንጂ።

ሚስቱ፣ ሴት አያቴ አንጋይ ቢዳ፣ በቀስት ሜዳ ከእሱ ይልቅ የታወቀች ነበረች። እኛ ዘንድ ወንዶቹ ሲወረውሩ ሴቶቹ ከዳር ቆመው የተቃራኒውን ወገን ቀስተኛ በግጥም ያበሽቁታል። አያቴ አፏን ስትከፍት የጎልማሳ ፍላጻ ኢላማውን ይስት ነበር። አንዱን ምስኪን፣

«ኢላማው ከፊትህ፣ ፍላጻህ ጎረቤት፤
ሚስትህም እንዲሁ ነው የምትፈልግህ በየቤት?»

ብትለው ቀስቱን ጥሎ ከሜዳ ወጣ፤ እስከ ዛሬም አልተመለሰም ይባላል። የምለው እኔ ነኝ።

አጋይ በሞተ በሰባተኛው ቀን፣ ቤታችን በመነኮሳት ጸሎትና በከበሮ ተሞልቶ ሳለ፣ የእናቴ ታላቅ ወንድም አጎቴ ኒዱፕ ተነስቶ ጉሮሮውን ጠረገ። አጎቴ የመሥሪያ ቤት ሹም ነበር፤ ጉሮሮውን ሲጠርግ ሰው ሁሉ ብዕር ይፈልጋል። ከከተማው በላይ ባለው ተራራ፣ ከገዳሙ አጠገብ፣ ለእናቱ የጸሎት ጎጆ ማሠራቱን ተናገረ። ጣሪያው ተከድኗል፣ ምድጃው ተተክሏል። ከአርባ ዘጠነኛው ቀን በኋላ ወጥታ የቀረ ዘመኗን እዚያ በጸሎት ትፈጽማለች። እንግዶቹ እንዲህ ያለ ልጅ መውለድ መታደል ነው አሏት። አያቴም ዓይኗን ሰብራ፣ «ከእንግዲህ ምን ቀረኝ፤ ጸሎት ነው እንጂ» አለች።

እኔ ከመጋረጃው ኋላ ነበርኩ። ሰማይ ተደፋብኝ። ከዚያ ጎጆ የቀስት ሜዳው አይታይም፤ ሥጋ አይበላም፤ እኔም የለሁም። እሷ ግን ለመሄድ የቸኮለች መሰለኝ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ማታ ማታ ጓዟን ታስራለች፣ ጠዋት ትፈታዋለች። የረሳችው ነገር ትዝ እያላት ይሆናል አልኩ። አንድ ቀን ወጥ ቤት ውስጥ እናቴ፣ «እማዬ፣ እምቢ በዪው በቃ» ስትላት፣ «ለጸሎት እምቢ ያለች ባልቴት የት አይተሽ ታውቂያለሽ?» ብላ ስትመልስ ሰማሁ። ከቅድስናዋ ብዛት እምቢ ማለት አቃታት ብዬ ተረጎምኩት። ዛሬ ያንን ድምፅ ሳስታውሰው የቅድስት አይመስለኝም። ወጥመድ ውስጥ የገባች፣ ግን ገና ያልተያዘች ቀበሮ ድምፅ ነበር።

ሌላም የሰማሁት ነገር ነበር። የአጋይ አስከሬን በተቃጠለ ቀን ኮከብ ቆጣሪው መጽሐፉን ገልብጦ፣ የሟቹ ነፍስ ቀንድና ኮቴ ባለው ፍጡር በኩል ልታልፍ ትችላለች፣ ቀንድ ላለው ሁሉ ደግ ሁኑ ብሎ ነበር። አጎቴ ለገዳሙ ላሞች አንድ ሸክም ድርቆሽ ልኮ ነገሩን ዘጋው።

አርባ ዘጠነኛው ቀን ሲቃረብ፣ ትምህርት በሌለበት ቀን፣ አያቴ ደህናውን ቀሚሴን አልብሳ ታኪን ላሳይሽ አለችኝ። ዳገቱን ወጥተን ከጥዱ መካከል ወዳለው መካነ አራዊት ደረስን። ታኪን በሌላው ዓለም ብርቅ ነው፤ እኔም የዚያው አገር ልጅ ሆኜ እስከዚያ ቀን አላየሁም ነበር። እብዱ ቅዱስ ላማ፣ የመነኮሳቱ መምህር፣ አንድ ፍየልና አንድ ላም ጠርጎ በልቶ፣ የፍየሉን ራስ በላሟ አጥንት ላይ ሰክቶ፣ ተነስና ጋጥ ያለው እንስሳ ነው ይላሉ፤ አይቶት ይህን የሚጠራጠር የለም። የጭነት መኪና ያህላል። እሺ፣ ጂፕ።

በሩ ላይ ዳጎ የሚባል፣ ወገቡ ላይ ቁልፍ የሚንሿሿበት ጠባቂ ነበር። አያቴን ሲያይ ፈገግ ብሎ «ዛሬም...» ከማለቱ እሷን ሳል ያዛት። ሳል ስላችሁ የጥዱን ፍሬ የሚያረግፍ ሳል። ሰውየው አፉን ዘጋ። ብርዱ ነው አልኩ፤ ሻርፔን ሰጠኋት።

አጥሩ ጋ ቆምን። ከመንጋው አንድ ቀንዱ የተሰበረ ሽማግሌ ታኪን ተነጥሎ፣ እየተንገዳገደ፣ ቀጥታ ወደ እኛ መጣ። አፍንጫው ከግንባሩ ተነስቶ ከንፈሩ ላይ ተንጠልጥሏል። ቆሞ አየን። ከዚያ ማኘክ ጀመረ።

አያቴ በረጅሙ ተነፈሰች። «ወደ ግራ ነው የሚያኝከው» አለች ለራሷ። ቆይታ ደግሞ፣ «ማንን እንደሚመስል አልናገርም። ልጅ ፊት አይባልም።»

ቁልቁለቱን ስንወርድ በአእምሮዬ ውስጥ መብራት በራ፤ እንዲህ ያለ መብራት በዚያ ዘመን ቲምፉ ውስጥ አልነበረም። ቀንድ፣ ኮቴ፣ አፍንጫ፣ ግራ መንጋጋ። አጋይ ቤተሰቡን ናፍቆ እስከ አጥር ድረስ መጥቷል፤ አያቴ ይህን ካወቀች ደግሞ የትም አትሄድም። ቀሚሷን ይዤ፣ «አጋይ ነው?» ብዬ ጠየቅኋት። ግራ ቀኙን አየችና፣ «ዝም በይ ልጄ፤ ለማንም እንዳትነግሪ» አለችኝ።

እስከ ማታ ድረስ ለአሥር ሺህ ሰው ነገርኩ። እሺ፣ ሠላሳ ይሆናሉ፤ ግን የተመረጡ ነበሩ። ለእናቴ፣ ለቅቤ ነጋዴዋ፣ ለአስተማሪዬ፣ ከአስተማሪዬ ጋር ለቆሙት ሁለት መነኮሳት። ወሬው አድጎ አጎቴ ቢሮ ሲገባ ታኪኑ አያቴን በስሟ ጠርቷታል ይባል ነበር። እሱን አልተናገርኩም። ብቻ አልካድኩም።

አጎቴ በማግሥቱ ከመሥሪያ ቤቱ እንደወጣ መጣ፤ ጫማውን እንኳ አላወለቀም። የአባቱ ስም በየገበያው ከአውሬ ጋር እየተነሳ ነው፤ ይቺን ልጅ አንድ በሏት አለ። አያቴ ካልሲ ትሠራ ነበር፤ ቀና ሳትል፣ «ልክ ብለሃል ልጄ። የሕፃን ወሬ ምን ይሁን ብለህ ነው። ዳግም የተወለደ ትልቅ ላማ እንኳ ሳይፈተን ማን ያምነዋል» አለችው።

«እንፈትነዋ!» አልኩ እኔ።

ልብ አድርጉ፤ ያልኩት እኔ ነኝ። አንድ ላማ ሞቶ በሕፃን ገላ ሲመለስ የቀድሞ ዕቃውን ከሌላ ሰው ዕቃ ጋር ደባልቀው ፊቱ ያኖሩለታል፤ የራሱን ለይቶ ካነሳ እሱ ነው። ይህን የማያውቅ ልጅ እኛ ዘንድ የለም። አጎቴ ተያዘ። ፈተናውን እምቢ ቢል እምነት የለውም ሊባል ነው። ግራ ቀኝ ሲያስብ ቆየና፣ የፍየል ራስ ስለ ባርኔጣ ምን ያውቃል በሚል ይመስለኛል፣ ለቅዳሜ ተስማማ። ካልሆነ ግን ሰኞ ፈረስ ይመጣል፣ እናቱም ወደ ጎጆዋ ትወጣለች። አያቴ እንዳልክ ይሁን አለችው።

ቅዳሜ ጠዋት ስነቃ የአጋይ ባርኔጣ ምድጃው አጠገብ ተንጠልጥሎ ይንጠባጠባል። የአያቴ ዓይን ቀልቷል። ምነው ረጠበ ብላት፣ ሌሊቱን ሙሉ ታቅፌው ሳለቅስ አደርኩ አለችኝ። ባርኔጣው ሲጨመቅ አንድ ብርጭቆ ይወጣዋል። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይሉ የለ? አቅፌያት አብሬ አለቀስኩ፤ ያፈሰስኩት እንባ የቲምፉን ወንዝ ሳይሞላው አልቀረም። እስክንወጣ ባርኔጣው ደርቆ እንደ ጣውላ ቆመ፤ ጠርዙ ላይም ነጭ ነጭ ነገር ጣለ። የሐዘን መልክ ነው አልኩ።

በዚያ ቀን አጥሩ ዙሪያ የቆመው ሕዝብ በዘውድ በዓልም ታይቶ አይታወቅም። አንድ ሃምሳ ሰው። አጎቴ ማንም እንዳያጭበረብር ብሎ ሦስቱን ባርኔጣዎች በገዛ እጁ ገንዳው ላይ ደረደራቸው፤ የአጋይን፣ የራሱን፣ የጠባቂውን የዳጎን። ቀንደ ሰባራው መጣ። መጀመሪያ የዳጎን አሸተተና ተወው። የአጎቴ ባርኔጣ ላይ አስነጠሰበት። ለሦስተኛው ሲደርስ ቆመ። ጠርዙን በምላሱ ዞረው። ውስጡን ላሰ። ዓይኑን ጨፈነ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ በግራ መንጋጋው፣ ባርኔጣውን ሙሉ በሙሉ በላው።

 አንዲት ሴት እጇን አጋጥማ ግንባሯ ላይ አደረገች። እኔ አጎቴን በአሸናፊ ዓይን ላየው ዞርኩ፤ አጎቴ ግን ሹም መምሰሉን ትቶ ነበር። ከካባው ጉያ አጋይ ይወደው የነበረውን ቅጠል በወረቀት እንደተጠቀለለ አወጣ። ሊፈትን ሲወጣ ለካስ ይዞት መጥቶ ኖሯል። በአጥሩ በኩል ዘረጋና፣ «አባዬ» አለ። ይህችኑ ብቻ። ድምፁ የልጅ ነበር።

አያቴ አየችው፤ ወዲያው ዓይኗን መሬት ላይ ጣለች። ሐዘኗ ተቀሰቀሰባት አልኩ ያኔ። ዛሬ ያ ሐዘን እንዳልነበረ አውቃለሁ፤ በሕይወቷ አንዴ ብቻ ያየሁባት እፍረት ነበር። ግን ቶሎ ሰበሰበችው። «እንግዲህ ልጄ» አለችው ክንዱን ይዛ፣ «አባትህ አጥር ውስጥ ቆሞ እኔ ተራራ ወጥቼ ለራሴ ነፍስ ልጸልይ?»

 ሰኞ ፈረሱ አልመጣም።

ከዚያ ወዲህ አያቴ በሳምንት ሦስት ቀን አጋይን ልትጠይቅ ትወጣለች። ወደ መካነ አራዊቱ የሚወስደው መንገድ በቀስት ሜዳው በኩል አያልፍም፤ ሜዳው ቁልቁል ነው፣ እሱ ሽቅብ። እሷ ግን ታሳልፈው ነበር። ጉልበቷን ለማፍታታት ነው ትላለች፤ እግረ መንገዷን ሁለት ሦስት ቀስተኛ ታበሽቃለች።

በዓመቱ ሌላ ጉድ መጣ። እንስሳን አጥሮ መያዝ ለእኛ ሃይማኖት አይገባም ተባለና የመካነ አራዊቱ በር ተከፈተ። ታኪኖቹ ወደ ጫካቸው ይሂዱ። አጎቴ በደስታ እያለቀሰ መጣ፤ አባቱ ነጻ ወጥቷል፣ አሁን እናቱም ነጻ ናት። ፈረሱን ከነኮርቻው በራችን ላይ አሰረው። አያቴ ያለ ቃል ጓዟን ማሰር ጀመረች፤ በዚያ ማታ ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለት ጊዜ ቋጠረችው። እኔ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ለአጋይ ጸለይኩ፣ እባክህ አትሂድ እያልኩ።

እሱም አልሄደ። ታኪኖቹ ጫካውን አይተው ከተማውን መረጡ። በየመንገዱ ዞሩ፣ የሰው ጎመን በሉ፣ የትራፊክ ፖሊሱን ገፍተው እሱ የቆመበት ላይ ቆሙ። ጠዋት በራችንን ስከፍት ቀንደ ሰባራው የበሩን ምሰሶ እየላሰ ነው። ምሰሶው ነጭ ብሎ ነበር፤ ውርጭ መሰለኝ። አያቴ ወጥታ መዳፏን ሰጠችው፤ ላሰው። አጎቴ ይህን ሲያይ ባርኔጣውን አወለቀ፣ እጅ ነሳ፣ ፈረሱን ፈትቶ ሄደ። በኋላ ታኪኖቹ ሰፋ ባለ አጥር ተመለሱ። አያቴ ከዚያ ዘጠኝ ዓመት ኖረች፤ የመጨረሻ ቅዳሜዋን ያሳለፈችው ቀስት ሜዳ ላይ ነው። ጎጆዋ ባዶዋን ከርማ፣ አጎቴ ጡረታ ሲወጣ ራሱ ገባባት።

እንግዲህ ታሪኬ እዚህ ላይ ያበቃ ነበር፤ «ይኸው፣ የስምንት ዓመት ልጅ አንድ ባልቴትና አንድ ሹም አታለለች» ብዬ ፍሬን እይዛለሁ። ባለፈው ጥቅምት ግን ከሆስፒታል በር ያሳፈርኳቸው ሽማግሌ አልወረዱም።

«ባርኔጣው ያን ዕለት እርጥብ ነበር?» አሉኝ።

«በእንባ ርሶ ነበር አባቴ፤ ነገርኩዎት እኮ።»

«በጨው ውሃ ነው» አሉ። «እኔ ዳጎ ነኝ። ጠባቂው።»

በመስታወቱ አየኋቸው። የጎደሉት የወገባቸው ቁልፎች ብቻ ነበሩ።

አያቴ፣ እኔን ይዛ ከመምጣቷ በፊት፣ ሦስት ጠዋት ብቻዋን ሄዳ ነበር ለካ። ይህ አውሬ ከሁሉ አብልጦ ምን ይወዳል ብላ ጠየቀቻቸው። ጨው አሏት። ባርኔጣስ ይበላል? ጨው ካለው ድንጋይም ይበላል። በሦስተኛው ቀን ቀንደ ሰባራው ገና ከሩቅ ሲያያት መምጣት ለመደ። ወደ ግራ ያኝካል ስላለችው ነገር ደግሞ፣ ታኪን አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ ያኝካል፤ ወደ ቀኝ ከመቀየሩ በፊት የሚያየውን ሰው ቶሎ ማዞር ነው እንጂ።

«እኔም ፈርቼ ነበር» አሉ ሽማግሌው። «‹እሺ፣ ይህን ማን ያምንልዎታል፣ ማንስ ያወራልዎታል?› አልኳቸው። ሳቁብኝ። ‹እሱን ለእኔ ተወው፤ አንዲት የልጅ ልጅ አለችኝ፤ ለማንም አትንገሪ ማለት ብቻ ነው› አሉኝ።»

ከተማዋን አንድ ዙር አዞርኳቸው፣ በዝምታ። እንዲህ ያለ ነገር በታክሲዬ ውስጥ ደርሶ አያውቅም። ሳል፣ ካልሲ፣ ነጭ ነጭ ነገር፣ የበሩ ምሰሶ፣ ሁሉም ተራ በተራ መጣብኝ። ፈተናውም የእኔ አልነበረም። ሠላሳ አምስት ዓመት ፈረሱን የጋለብኩ መስሎኝ ልጓሙ አፌ ውስጥ ነበር። ቤታቸው ስንደርስ ሽማግሌው በሩን ይዘው ጎንበስ አሉና፣ አጎቴ በሕይወት አለ ወይ ብለው ጠየቁኝ። አለ ስላቸው፣ «እንግዲያው ይህን እሱ እንዳይሰማ» አሉ።

እስከ ማታ ለአሥር ሺህ ሰው ነገርኩ፤ ይህን ያህሉን ከእኔ ጠብቁ። በእኔ አነጋገር አያቴ «በመላው አገር የተደነቀች አንዲት የልጅ ልጅ አለችኝ» ነው ያለችው።

በወሩ መጨረሻ እንደ ልማዴ ሩዝና አይብ ተሸክሜ ወደ ጎጆው ወጣሁ። አጎቴ ሰማንያውን አልፏል፤ የጸሎት መዘውሩን ከእጁ አያስቀምጥም። ጉሮሮውን ሲጠርግ አሁን የሚሰማው ቁራ ብቻ ነው። ቀንደ ሰባራው ከሞተ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ ነፍሱ ወደ ተሻለ ሕይወት ማለፏን አጎቴ በራሱ ቆጥሮ ደርሶበታል። ቢሆንም በየወሩ አንዲት ከረጢት ጨው ቋጥሮ ለመንጋው ያስይዘኛል፣ በአባቱ ስም።

ከረጢቷን ሰጠኝ። በሩ ላይ ስደርስ ጠራኝ።

«ሌኪ፣ የታኪኖቹ ጥጆችስ? በየት በኩል ነው የሚያኝኩት?»

ምላሴ ላይ ሙሉ ታሪክ ነበር። ዋጥኩት።

«በግራ ነው፣ አጎቴ» አልኩት፤ አንዲትም ቃል አልጨመርኩም።